ያለ ጭነት

ባቲ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ከይሪያ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት አውፍ በይኝ ልበል፤ እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። ሳልሰናበትሽ መሄዴ እኔንም አንገብግቦኛል። ወላሂ ሐሳቤ ደሴ ወጥቼ፣ አንድ ቀን አንቺ ዘንድ አድሬ፣ ጉንጭሽን ስሜ ልመለስ ነበር። ጀላል ግን "ደሴ ወደ ላይ ነው፣ እኛ የምንሄደው ወደ ታች ነው" አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጅቡቲና በመሃል አገር መካከል ጭነት ያመላለሰ ባል ምን ብለሽ ታስረጂዋለሽ? ሱብሒ እንደሰገድን ሞተር አስነሳ። እኔ ጫማዬን ያሰርኩት ከተማውን ከወጣን በኋላ ነው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትዪኝ። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አንዴ "ማነው? ማነው?" ብለሽ ዘጋሽው፤ አንዴ ደግሞ እኔን ሳትሰሚ ስለ ጉልበትሽ ሩብ ሰዓት አውርተሽ ዘጋሽው። ጆሮሽ ስልክ ከጠላ እንደ ድሮው ደብዳቤ ይሁን። ይህን የሚያመጣልሽ ሞላ ይባላል፤ የጀላል የሥራ ጓደኛ ነው፣ እሱ ገና ከመሪ አልወረደም። መልስሽን ለእሱ ስጪው። ሾፌሮች እየተቀባበሉ ያለንበት ያደርሱልናል።

መኪናውን ሳታይው ስለቀረሽ ልንገርሽ። አሮጌ አይሱዙ ነው። የኋላውን አንድ በያጅ በላሜራ ሳጥን አደረገው፣ ነጭ ቀለም ተቀባ፣ በጎኑ መስኮት ወጣለት። ውስጡ አልጋ አለ፣ ቡታጋዝ አለ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የኔ መስገጃ፣ የሱ ሬዲዮ። በዚህ ሳጥን ሦስት ወር አገር ልንዞር ነው። ፈረንጆች እንዲህ እያደረጉ ሲዞሩ ስልኩ ላይ አይቶ ነው። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጭነት ስጎትት ኖርኩ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ያለ ጭነት ልንዳ" አለኝ። ምን ልበል?

የተነጋገርነውን አልረሳሁም። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ስንጋጭ ከረምን። ጠዋት ተነስቶ ፍሪጁን መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። የቅመም ዕቃዎቼን በቁመታቸው አሰልፏቸዋል። ጎረቤት ልሄድ ስወጣ እንደ ኬላ ጠባቂ በር ላይ ቆሞ ስንት ሰዓት እንደምመለስ ይጠይቀኛል። ልጆቹ ወጥተው ሄደዋል፣ በመካከላችን ሆኖ የሚያስቀን የለም። ስለዚህ ቃሌ ቃል ነው፦ ሦስት ወር አብሬው መኖር ከቻልኩ ቻልኩ፤ ካልቻልኩ ኮምቦልቻ አልመለስም፣ ጓዜን ይዤ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። እሱ ይህን አያውቅም። ሞላም አያውቅምና መልስሽን በደንብ አሽጊው።

ባቲ የቆምነው ገበያውን ሊያሳየኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎማ ሊያስነፋ ነው።

እህትሽ ጣይባ


ደሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጣይባ

ወአለይኩም ሰላም። ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ጤናዬ አልጽፍም፤ ሳይሰናበት የሄደ ሰው ስለ ጉልበቴ ምን አገባው።

ጎረቤትሽ ፈትሂያ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ አልቅሳልኝ ሄደች። "እንዲያ ያለ ቤት ጥለው መኪና ውስጥ ይኖራሉ አሉ፣ ምን ደርሶባቸው ነው?" ትለኛለች። ሽርሽር ነው ብላት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "አብሽሪ፣ ያልፋል" አለችኝ። የምደብቅ መስሏታል። አንድ ሰዓት ሙሉ አጽናናችኝ። በመጨረሻ እኔም አለቀስኩ፤ ደግ ሴት ናት፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ እንዳይከፋት ብዬ።

ከአዋሽ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው፦ አይተኛም። ጤነኛ ሰው አልጋ ተነጥፎለት ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አያድርም። ከአባታችን ጀምሮ የማውቀው ወንድ ሁሉ ተጋድሞ ነው የሚተኛው። ድካም ነው ብለሽ አንድ ሁለት ሌሊት እለፊው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አስቢበት።

ክፍሉን አጽድቻለሁ። ልጄ ረውዳ አግብታ ከሄደች ወዲህ ሽንኩርት የምዘረጋበትን ማለቴ ነው። ፍራሽ አስመጥቻለሁ፣ አዲስ ነው፤ ላስቲኩን አልቀደድኩትም፣ አንቺ ትቀጅዋለሽ። ግድግዳውን ላስቀባ ነውና ቀለም ምረጪና ላኪልኝ። እኔ አላስቸኩልሽም። ግን ካነሳሁት አይቀር፣ ወደ ማታ ላይ ቤቱ ይሰፋብኛል። ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት እስከ ዛሬ አልተማርኩም፣ ሁልጊዜ ይተርፈኛል፣ በማግሥቱ ያንኑ እበላለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ እንድታውቂው ነው።

መስገጃሽን ፀሐይ ላይ አስጪው። መኪና ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ነዳጅ ነዳጅ ይላል።

ከይሪያ


ዝዋይ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ከይሪያ

አሰላሙ አለይኩም። አረንጓዴ ይሁን። ደማቁን አይደለም፣ ፈካ ያለውን።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከተነሳን ወር ሊሆነን ነው፤ አንድም ሌሊት አልጋው ላይ አላደረም። እራት እንበላለን፣ "ደህና እደሪ" ይለኛል፣ ወርዶ ዞሮ ጋቢናው ውስጥ ይገባል። መሪውን ይዞ ነው የሚተኛው። ለምን ስለው "ልማድ ነው" ይላል። እኔ ከኋላ ብቻዬን እንደ ስኳር ጆንያ ተጭኛለሁ።

አገር እያሳያት ነው ብለሽ ለፈትሂያ ንገሪያት፤ ውሸት አይሆንብሽም። በእርግጥ ያሳየኛል። "እዚህ ጋ በዘጠና ስምንት ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነበር።" "ያ ጎሚስታ ታማኝ ነው።" "የዚህ ሚዛን ጣቢያ ወረፋ አይጣል ነበር።" ኢትዮጵያ ማለት ሚዛን፣ ኬላና ጎሚስታ ናት፣ በመካከላቸው ያለው ሁሉ መንገድ ዘግቶ የቆመ ነገር ነው። አዋሽ ላይ ፏፏቴ አለ ሲሉ ሰምቼ ልየው አልኩት። "ውሃ ነው፣ ይወርዳል" አለኝና አለፍን። መተሐራ ላይ ደግሞ አስፋልቱ ድረስ የመጣ ሐይቅ አለ፤ "ይሄ መንገዱን እየበላ ስንቴ አስቸግሮናል" ብሎ ፊቱን አዙሮ አለፈው። እትዬ፣ ሰው ሐይቅ ይቀየማል?

ዛፍ ሥር ድንኳን ዘርግተን እንቀመጣለን ብሎኝ አልነበረም? ድንኳኑ እንደታሰረ ነው። የምናድረው የከባድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። በግራዬ ቦቴ፣ በቀኜ ተሳቢ። መስኮቴን ስከፍት የማየው የሌላ መኪና ጎማ ነው። እሱ ግን እዚያ ሲገባ ፊቱ ይፈካል። ሁሉም ያውቀዋል፣ "አያ ጀላል!" ይሉታል፣ ከሰው ጋር ይስቃል። እኔ ጋ ሲመለስ ሳቁን እዚያው ጥሎት ይመጣል።

መቂ አጠገብ የሆነውን ልንገርሽና ሳቂ። ጠዋት ተነስቼ መስኮቱን ስከፍት ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል፤ ሃያ ይሆናሉ። ነጭ መኪና፣ በጎኑ መስኮት፣ ውስጡ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ። ክትባት መስለናቸው ነው። ጀላል ወርዶ "ክትባት አይደለንም፣ ባልና ሚስት ነን" ይላል። ማንም አልተነቃነቀም። ምን ላድርግ? ልጆቹን አንድ በአንድ ተቀብዬ ማሻአላህ እያልኩ፣ ክብደታቸውን በእጄ እየመዘንኩ፣ "ደህና አድጓል" እያልኩ መለስኳቸው። ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ደስ ያለኝ ቀን ያ ነው።

ትናንት ግን አለቀልኝ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ጉማሬ ይታያል አሉኝ። አንዴ ቁምልኝ አልኩት። "ዘግይተናል" አለኝ። "ከምን?" አልኩት። ወላሂ ጭነት የለን፣ የሚጠብቀን ሰው የለ። ግን አልቆመም። ይህን የምጽፍልሽ ማደያ ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ሐይቁ ከጣራው በላይ እንደ ክር ይታየኛል። ቀለሙን ያኔ ነው የመረጥኩት።

ጣይባ


ደሴ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጣይባ

ወአለይኩም ሰላም። አረንጓዴው ተቀብቷል፣ ሁለት እጅ። ቀቢው ወንድምአገኘሁ "ለሙሽራ ነው እንዴ?" አለኝ። ለእህቴ ነው አልኩት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲነሳ በመስኮቱ የጦሳ ተራራ ይታያል። አልጋሽን ወደዚያ አዙሬዋለሁ።

ለሰፈራችን ቅሬ ሴቶች ነግሬያቸዋለሁ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ለቅሶ ቤት ከማን አጠገብ እንደምትቀመጪ፣ ድግስ ሲኖር ምን እንደምትይዢ፣ ሁሉም ተመድቦልሻል። ከእንግዲህ ብትቀሪ እኔን ነው የሚያሳፍረኝ።

ከሐዋሳ በላክሽው ላይ ያለው ጥያቄ አላማረኝም። ብቻውን ምን ይበላል ትያለሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አንቺ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። በየከተማው የሚያውቀው ምግብ ቤት እንዳለ ራስሽ ጽፈሽልኛል። በዚያው ደብዳቤ "አንዳንዴ ሳየው ያሳዝነኛል" የሚል ቃል አለ፤ እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ በመጀመሪያው መነጽሬን አላደረግኩም ነበርና ተሳስቼ መስሎኝ። አልተሳሳትኩም። ጣይባ፣ ሁሉም ሰው ከኋላው ሲታይ ያሳዝናል። ከፊት ለፊት እይው።

እንዴት እንደምትነግሪው አስቤበታለሁ። ጠግቦ እያለ ይሁን። እየነዳ አይሁን። ሾፌሮች ያሉበት ቦታም አይሁን፣ ያፍራል። በአጭሩ "ደክሞኛል፣ ከእህቴ ጋር ልኑር" በይው። ካለቀሰ ዝም በዪ። ካላለቀሰም ዝም በዪ።

ሳቅሽ ናፍቆኛል። የልጆቹን ሚዛን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ስስቅ ውዬ፣ አጠገቤ የምነግረው ሰው ስፈልግ ለወንድምአገኘሁ አነበብኩለት። እሱ "ታዲያ ክትባቱን ማን ሰጣቸው?" አለኝ። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ነው ያለሁት። ቶሎ ነይ።

ከይሪያ


ከጅማ ወዲያ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ከይሪያ

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሞላ ቅባት አድርሶልሽ ይሆን? እዚህ አገሩ ሁሉ ለምለም ነው፤ ዝናቡ ገና አላቆመም፣ ማሩ ጥሩ ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ይዤልሻለሁ። ጉማሬም አየሁ። ጉማሬ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም ለካ፤ ጆሮውን ነው ያየሁት።

ነገር እያስረዘምኩ እንደሆነ ገብቶሻል፤ ታውቂኛለሽ። እንግዲህ በትዕግሥት አንብቢልኝ።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ልንሞላ አንድ መንደር ቆምን። ሰዎቹ ሲናገሩ አማርኛቸው የእኛው ነው። ለካ በሰባ ሰባት በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ከኮምቦልቻ ነን ስንል በቃ፣ ውሃው ተረሳ። አቀፉን፣ አለቀሱ፣ አበሉን። ቤት ግቡና እደሩ ሲሉን ጀላል "መኪናችን ውስጥ ነው የምናድረው" አላቸው። እርስ በርስ ተያዩ። በማግሥቱ ጠዋት ወተት ይዘው ሲመጡ እሱ ጋቢና ውስጥ ነው፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ወተቱን ሰጥተውን እየተንሾካሾኩ ተመለሱ።

ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ መጥቶ በትሕትና የመኪናውን ቁልፍ ለማየት ያህል ጠየቀው። ጀላል ሰጠው። ሰውዬው ቁልፉን ይዞ ሄደ። ተከትለነው የመንደሩ ዋርካ ሥር ስንደርስ ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ቁልፉ በትልቁ ሽማግሌ በአያ ሚስባህ ኪስ ገብቷል። ቤታቸውን አጥተው መኪና ውስጥ የሚኖሩ፣ መኪናው ውስጥም ማደሪያ የለዩ ባልና ሚስት ናቸው ብለው ሊያስታርቁን ነው። "ኧረ በአላህ፣ አልተጣላንም፣ አገር እየጎበኘን ነው" አልኩ። አያ ሚስባህ በሐዘን አዩኝ። "ልጄ፣ የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል" አሉኝ።

እሳቸው ዱዓ አደረጉ፣ አጠገባቸው ያሉት መሪጌታ በላቸው አባታችን ሆይ ደገሙ፣ ከሁለቱም በኩል የሚያመልጠን እንዳይኖር። ከዚያ ጀላል ይጀምር ተባለ።

"እኔ ቅሬታ የለኝም" አለ።

"ቅሬታ የሌለው ሰው አልጋ ትቶ ወንበር ላይ አያድርም" አሉት መሪጌታ። ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ቤቴ ስመጣ እንግዳ ነበርኩ" አለ ጫማውን እያየ። "ዕድሜዬን ሙሉ። ስደርስ ጥሩ ጥሩው ይቀርብልኛል፣ ልጆቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ይጠብቁኛል፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መቼ ነው የምትሄደው ትለኛለች። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። አሁን ጡረታ ወጥቼም አልጋው ላይ ስጋደም፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልኩ ነው የማድር። ጋቢናው ውስጥ ግን መቼ ነው የምትነሳው የሚለኝ የለም።"

እትዬ፣ እዚያ ተቀምጬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አያ ሚስባህ "አንቺስ?" አሉኝ። ልናገር ያሰብኩት ስለ ፏፏቴውና ስለ ሐይቁ ነበር፣ በቃሌ አዘጋጅቼው ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። "መቼ ነው የምትሄደው የምለው የቀሩኝን ቀናት ለመቁጠር ነበር" አልኩ። "አንድ ቀን ከቀረኝ የምሠራለት ሌላ ነው፣ ሦስት ቀን ከቀረኝ ሌላ ነው።" ከዚያ በኋላ ማልቀሴን አልደብቅሽም። እሱም አለቀሰ። ሰባቱ ሽማግሌዎች አለቀሱ። ቁልፉን የወሰደው ሰውዬ ከሁላችን በላይ አለቀሰ።

ከታረቅን በኋላ ምንም እንዳይደበቅ ሲሉኝ ክፍሉን ነገርኳቸው። ብለያይ ደሴ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነበር፣ ግድግዳውን ቀብታ እየጠበቀችኝ ነው አልኩ። ጀላል ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ጉዳያችንን እርግፍ አድርገው ትተው "ደሴ የት ጋ?" ማለት ጀመሩ። ትልቁ ዛፍ ካለበት በላይ ነው፣ የለም በታች ነው፣ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። አርባ ዓመት ያላዩትን ከተማ ነው የሚከራከሩበት። ቤትሽን በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ልክ አይደለም።

ፍርዱ እንዲህ ነው፦ እሱ አልጋው ላይ እንዲያድር፣ እኔ መቼ ብዬ እንዳልጠይቀው፣ ካሣ እንዲሆነኝም ጣቴን የቀሰርኩበት ውሃ ሁሉ ጋ እንዲያቆም። ጅማ አካባቢ በየመታጠፊያው ወንዝ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት ፈጀብን። አንድ ጊዜ በስሕተት ኩሬ ላይ ጣቴን ቀስሬ ወርደን ኩሬውን አየን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላ ነው የሚተኛው። ያንኮራፋል። ዛፍ ሥር ድንኳን ዘርግተን ቁጭ ብለን በቆሎ እንጠብሳለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላወራነውን እናወራለን።

እትዬ፣ አልመጣም። እንዴት እንደምጽፈው ሦስት ቀን አሰብኩ፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ቅሬው አውፍ በይኝ።

ጣይባ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጣይባ

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ማሻአላህ፣ እንኳን ታረቃችሁ። አልተቀየምኩም።

እነዚያ ሽማግሌዎች ግን ቤቴን አያውቁትም። ዛፉ ከተቆረጠ ሃያ ዓመቱ ነው። ከዛፉ በላይም በታችም አልነበርኩም፣ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ይህን ንገሪልኝ።

ሽንኩርቱን መልሼ ክፍሉ ውስጥ ዘርግቼዋለሁ። አረንጓዴ ግድግዳ ለሽንኩርት ጥሩ ነው። አልተቀየምኩም። ለቅሬው ሴቶች እንደማትመጪ ስነግራቸው "ምነው?" አሉ፤ ከባሏ ጋር ተስማምታ ነው አልኳቸው፤ እንደ ሐዘን ያለ ነገር መስሏቸው እጄን ያዙኝ። ፍራሹን ላስቲኩን ቀድጄ እኔ ተኝቼበታለሁ። ወገቤን አመመኝ።

አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በየሶላቴ "በሰላም መልስልኝ" እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ሰው ቢሰማኝ መልካም ዱዓ ነው። በልቤ ግን "ወደ እኔ" ማለቴ ነበር። ጋቢና አደረ ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን አልሐምዱሊላህ ብያለሁ፤ በድምፅ ነው ያልኩት። የእህቴ ትዳር ሲፈርስ እየተደሰትኩ ግድግዳ አስቀባሁ። ይህን ያህል ክፉ መሆኔን በዚህ ዕድሜዬ ነው ያወቅኩት። ብቻዬን መዋል ሰልችቶኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቺም አውፍ በይኝ።

መልስ አትጻፊ። ሞላን በየሳምንቱ የሐረጎን ዳገት ማስወጣት ነውር ነው።

ከይሪያ


ጅማ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጀላል ነኝ። ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ የጭነት ደረሰኝ ላይ ከመፈረም በቀር፣ ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ቢኖር ይለፉኝ። ጣይባ የእርስዎን ደብዳቤ ካነበበች ወዲህ ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ አንድ መስመር አልጻፈችም። ወንዝ ሳሳያትም አትወርድም። ትናንት አቁሜ "ይኸውልሽ ውሃ" ብላት "ይወርዳል" አለችኝ። እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ።

ደብዳቤዎን ሰጥታኝ አነበብኩት። አንድ ነገር ልመልስልዎ። ልጃችን ሂሻም ሲወለድ እኔ ጋላፊ ኬላ ላይ ነበርኩ፤ ከደሴ ወርደው አጠገቧ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እናታችሁ ሲሞቱ ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ ጣይባን ደግፈው የያዟት እርስዎ ነዎት። ወባ የያዛት ጊዜም እንዲሁ። እኔ እየመጣሁ ደህና ሚስት ሳገኝ እኔ ያቆየኋት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ነበሩ የሚያቆዩልኝ። ታዲያ አሁን ጡረታ ወጣሁና ሙሉ በሙሉ ልውሰዳት? ይህ በሾፌር ሕግም የለም። እርስዎ ክፉ አይደሉም። ዕቃዎን ነው የጠየቁት።

አሁን ልመናዬን ልጻፍ። ኮምቦልቻ ያለው ቤት የጣይባ ቤት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ እኔ የተደረደረ ነው፣ የቅመም ዕቃ እንኳ ባንቀሳቅስ ቤቱ ይታመማል። እርስዎ ግቢ ውስጥ ግን ሁለታችንም እንግዳ ነን፣ እኩል ነን። መኪናዋን ግቢዎ ውስጥ አቁሜ ብናድር ይፈቅዱልኛል? ረመዷንን አብረን እንድንጾም፣ ከዚያም በኋላ ደግሞ እርስዎ እስካልጠሉን ድረስ። ጣይባ ክፍሉ ውስጥ ትተኛ ወይም መኪናው ውስጥ፣ እሷ ትወስን። ሽንኩርቱን ከፈለጉ እኔ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ባዶ ነው።

የሚያሳስበኝ በሩ ብቻ ነው። የመኪናዋ ስፋት ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር ያስፈልገኛል። በሥራ ዘመኔ የማንንም በር ነክቼ አላውቅም፣ የእርስዎን የመጀመሪያው ማድረግ አልፈልግም። እባክዎ በገመድ ያስለኩና ይላኩልኝ። የማይበቃ ከሆነ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር እንቆማለን፤ ለምጄዋለሁ።

ይህን መጻፌን ጣይባ አታውቅም። እምቢ ካሉኝ እንዳታዝን ብዬ ነው።

አክባሪዎ ጀላል


ደሴ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጀላልና ለጣይባ

ወአለይኩም ሰላም። ጀላል፣ ደብዳቤህን ለጣይባ አሳያት፣ ይህንንም አብራችሁ አንብቡ።

በሩን ራሴ በገመድ ለካሁት። አይበቃም። መኪናህ ሙሉ ስንዝር ትበልጠዋለች፣ አንተ ደግሞ ሁለት ስንዝር ትርፍ ትፈልጋለህ። ወንድምአገኘሁን ጠርቼ ምን ይሻላል አልኩት፤ መንገድ ዳር ይቁሙ አለኝ። እህቴን መንገድ ዳር! ዶማውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ብሎኬት እኔ ነኝ የጣልኩት። ከዚያ በኋላ ፈራና የቀረውን እሱ አፈረሰው። አሁን ከበሩ ጀምሮ እስከ ጎረቤት ጥግ አጥር የለኝም። አውቶቡስ ይገባል።

ሦስት ቀን ሆነኝ። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ግቢዬ ነው የሚውለው። አላፊ አግዳሚው እያየኝ ነው የምበላው። የቅሬው ሴቶች "ምን ደረሰብሽ?" እያሉ ይመጣሉ፣ እንግዳ እየጠበቅሁ ነው እላቸዋለሁ፣ ማንም አያምነኝም፣ ተቀምጠው ያጽናኑኛል። ቤቱ አልሰፋብኝም፤ ሰው ሞልቶታል። ጣይባ፣ ሽንኩርቱን አንስቻለሁ። ወንዝም ሐይቅም ካለ ሌላ ጊዜ ታዪዋለሽ፤ አሁን ሳትቆሙ ኑ። ጀላል፣ እንደ ድሮህ ንዳ።

አጥሩን ወንድምአገኘሁ መልሶ ይሠራዋል፣ ብሎኬቱ ተከምሮ ተቀምጧል። ግን እናንተ ከገባችሁ በኋላ ነው የሚጀምረው። በሩንም ከበፊቱ ሁለት ክንድ አጥብበው ብዬዋለሁ።

ከይሪያ